ጃኪ በገዛ ምላሱ

«ቲቸርስ ፔት» እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣ፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚሆን የ«አወር ጋንግ» ኮሜዲ ነው። አዘጋጁ ሮበርት ማክጎዋን ነው። የሃል ሮች ልጆች ካሜራ ፊት ማውራት ከጀመሩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

ጃኪ አዲሷን አስተማሪ ሳያያት ጠልቷታል። ከጓደኞቹ ጋር የጠነሰሰውን ተንኮል፣ መንገድ ላይ በመኪናዋ ለጫነችው ቆንጆ ሴት አንድ በአንድ ይዘከዝከዋል። ሴትየዋ ራሷ ሚስ ክራብትሪ ናት! እኛ እናውቃለን፤ እሱ አያውቅም። ይህ ትዕይንት ያለ ድምፅ ግማሹን ያጣ ነበር። የሚያስቀን ወሬው ብቻ አይደለም፤ የጃኪ ኩፐር በራስ መተማመን፣ የድምፁ ጉራ ነው።

ክፍል ውስጥ ማንነቷ ሲገለጥለት ግን ጉራው ይተናል። አትገርፈውም፣ አትጮህበትም፤ ለተማሪዎቹ ኬክና አይስክሬም ታስመጣለች። እሱ በእፍረት ውጭ ተቀምጦ ያለቅሳል። ማክጎዋን እዚህ ጋ ሳቁን አቁሞ ልጁን እንደ ሰው ያየዋል።

አንድ ነገር ግን ይከነክናል፦ ሚስ ክራብትሪ ቆንጆ ባትሆንስ? ጃኪ የሚጸጸተው ስለበደላት ነው ወይስ ስላማረችው? ፊልሙ ይህን ጥያቄ በፈገግታ ያልፈዋል። ቢሆንም አይስክሬሙን ይዛ ውጭ ድረስ ስትሄድለት፣ ልጅን በቅጣት ሳይሆን በደግነት ማሸነፍ እንደሚቻል እናምናታለን።