ዋጋ ያልተጻፈበት ቀስት፤ ስለ ክላውድ ንድፎች የቀረበ ሒስ

ስለ ክላውድ አሠራር የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሁሉ አንድ የታወቀ ዐይነት ንድፍ ያሳያሉ። በንድፉ ላይ ሳጥኖች አሉ፤ ሳጥኖቹንም የሚያያይዙ ቀስቶች አሉ። ተማሪው ስለ ሳጥኖቹ ኀይልና ኪራይ ብዙ ይነገረዋል፤ ስለ ቀስቶቹ ዋጋ ግን እምብዛም አይነገረውም። ሒሳቡን በውጭ ምንዛሪ ለሚከፍል ተቋም ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአማዞን ክላውድ የሰሜን ቨርጂኒያ ክልል የዋጋ ዝርዝር መሠረት፥ ዳታ ከኢንተርኔት ሲገባ አይከፈልበትም። ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ግን በወር ከመጀመሪያው 100 ጊጋባይት በኋላ፥ በመጀመሪያው እርከን በጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፈልበታል። ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ሲሻገር በጊጋባይት ከላኪው 1 ሳንቲም፥ ከተቀባዩም 1 ሳንቲም ይወሰዳል። በናት ጌትዌይ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ከሰዓት ኪራዩ ሌላ በጊጋባይት 4 ሳንቲም ተኩል ይታሰባል። እንግዲህ አንድ ሰርቨር በዚያው ክልል ካለው የኤስ3 ማከማቻ በወር 10,000 ጊጋባይት በናት ጌትዌይ በኩል ቢያነብ፥ ባለቤቱ 450 ዶላር ለኬላ ከፈለ ማለት ነው። ያንኑ ዳታ ለኤስ3 በተሠራው ጌትዌይ ኤንድፖይንት ቢያሳልፈው ግን ለማሳለፊያው የሚከፍለው የለም። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጸሓፊዎች በመጀመሪያ የሚያዝዙት መድኀኒት ዳታውን ማመቅ ነው። ጥቅም እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የታመቀ ስለ ሆነ ከዚህ እምብዛም አያተርፍም። ከዚህም በላይ ማመቅ ሸክሙን ያቀልላል እንጂ ኬላውን አያነሣም። ስለዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህ ዳታ ስለ ምን በዚህ በኩል ያልፋል?» የሚለው ነው።

በሌላ ወገን ሁሉን በአንድ ዞን ሰብስቡ የሚሉ አሉ። ይህም ያለ ልክ የተነገረ ነው፤ ያ ዞን በተበላሸ ጊዜ አገልግሎቱ ሁሉ ይቆማልና። ለደኅንነት ሲባል አውቆ መክፈልና ሳያውቁ መክፈል አንድ አይደሉም።

ነቀፌታው ግን በነዳፊው ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። ሲገባ በነጻ፥ ሲወጣ በዋጋ መሆኑ ደንበኛውን አስሮ የሚያስቀር ዘዴ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ጉግል፥ አማዞንና ማይክሮሶፍት ጨርሶ ለሚለቅ ደንበኛ የመውጫውን ክፍያ ለማንሣት ቃል ገብተዋል፤ በየቀኑ ለሚወጣው ዳታ ግን ክፍያው አልቀረም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ንድፍ በነደፍን ጊዜ በየቀስቱ ላይ ሁለት ቍጥር እንጻፍ፤ ይኸውም በወር ስንት ጊጋባይት እንደሚያልፍና ለአንዱ ጊጋባይት ስንት እንደሚከፈል ነው። እነዚህ ቍጥሮች የሌሉበት ንድፍ ገና ያላለቀ ንድፍ ነው።