«እንደ ልጃችን ነው የምናያት»

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል ያገሬ ሰው። አባባሉን አልጠላውም፤ ስድስተኛ ልጇን የታቀፈች ደሀ እናት የምትጽናናበት ቃል ነው። ችግሩ ጠግቦ የሚያድር ሰው ሲለው ነው። ያኔ ማጽናኛነቱ ይቀርና ማምለጫ ይሆናል።

መቼም ቡና በተፈላበት ሁሉ «ትዳር እየፈረሰ ልጅ ባከነ» ሲባል እሰማለሁ። ልክ ነው። ልጅ በእንጀራ ብቻ አያድግም። የሚመለስበት ቤት፣ የሚጠብቀው ሰው፣ ነገም እንደ ዛሬ እንደሚነጋ ማመን ያስፈልገዋል። ግን ይሄ «የተረጋጋ ቤት» የምንለው ነገር የመልካም ጠባይ ውጤት ብቻ ነው እንዴ?

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ደሞዝ ያላቸውን ባልና ሚስት እንውሰድ። ሁለቱም በጠዋት ይወጣሉ። ልጆቹን ቀስቅሶ የሚያለብስ፣ ምሳ ዕቃ የሚቋጥር፣ ሰርቪስ ድረስ የሚሸኝ፣ ማታ የሚቀበል ማነው? «ዛሬ ያንተ ተራ ነው፣ ያንቺ ተራ ነው» ከሚል ጠብ ያዳናቸውስ? ሠራተኛዋ ናት። ብዙ ጊዜ ታዲያ እሷም ራሷ ልጅ ናት።

ከጎጃም ወይ ከወሎ፣ ከጉራጌ ወይ ከወላይታ የመጣች ትሆናለች። እናትና አባቷ ተፋትተው ይሆናል፤ ወይ መሬቱ ለቤተሰቡ አልበቃ ብሎ፤ ወይ ያለ ዕድሜዋ ሊድሯት ሲሉ አምልጣ። ከዚያ በደላላ እጅ አልፋ እኛ ዘንድ ትደርሳለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኛ ቤት የተረጋጋው የሷ ቤት ስለተናጋ ነው። የሀብታምና የደሀ ልጅ ኑሮ ተራርቆ የሚኖር ይመስለናል እንጂ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ አንዷ የአንዷን ጫማ እየጠረገች።

«ኧረ እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናያት» ይባላል። እውነት? ልጃችን ፈተና ሲደርስባት አስጠኚ ይቀጠርላታል፤ እሷ የማታ ትምህርት ለመሄድ መጀመሪያ ራት ማድረስ አለባት። ልጃችን እንቅልፏን ትጨርሳለች፤ እሷ ከሁሉም በኋላ ተኝታ ከሁሉም በፊት ትነሣለች። እኔ እንደታዘብኩት «ልጃችን» የምትባለው ደሞዝ ጭማሪ የጠየቀች ቀን ነው። ሰሃን የተሰበረ ቀን ግን ሠራተኛ ናት።

ሕጉስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል። እሰየው ነው። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ በደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ፋብሪካ በር ላይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ይችላል። የኛን ማድ ቤት ማን ያንኳኳል?

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ አረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር አልቅሰናል። ከመካከላቸው በሰው ቤት ሲያገለግሉ የኖሩ ሴቶች ነበሩ። የዕረፍት ቀን መከልከል፣ ደሞዝ ማገት፣ በር መቆለፍ፤ ይሄን ሁሉ በስሙ ጠርተን አውግዘናል። ደግ አደረግን። ግን ያው ነገር ጂዳ ላይ ሲሆን ግፍ፣ እኛ ቤት ሲሆን «ማሳደግ» የሚባለው በምን ሂሳብ ነው?

ሠራተኛ አትቅጠሩ ማለቴ አይደለም። ልጅቷን ወደሸሸችው ችግር መመለስ መፍትሔ አይሆንም፤ እሷም አትፈልገውም። ዕድሜዋ ያልደረሰውን አለመቅጠር፣ ለደረሰችው የዕረፍት ቀንና በየወሩ በእጇ የሚገባ ደሞዝ፣ ለትምህርቷም የማይነካ ሰዓት መስጠት ግን አዋጅ የሚያስጠብቅ ነገር አይደለም። ይሄን ለማድረግ ባለጸጋ መሆን አያስፈልግም፤ ራት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ቢቀርብ የሚፈርስ ትዳር ካለ ድሮም አልቆመም።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ላላችሁኝ እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ያቺ ልጅ ደብተሯን ይዛ ትውጣ ወይስ ሽንኩርት ትክተፍ የሚለውን የሚቆርጠው ዕድሏ አይደለም። እኛ ነን።