ጋራንድን ለሌላ ጥይት ማስማማት

በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ችግር ገጠመው። አገሪቱ በ1957 የተቀበለችው ኤም 14 ጠመንጃ ለሁሉም አልተዳረሰም። በባሕር ኃይሉ መጋዘን የተደረደረው አሁንም ኤም ዋን ጋራንድ ነበር። ጋራንዶቹ ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ የሚጎርሱት ጥይት ላይ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች በ1954 የተስማሙበት ባለ 51 ሚሊሜትር ቀለህ ጥይት የጋራ መደበኛ ሆኗል። ለጋራንድ ብቻ ሲባል አሮጌውን «ሠላሳ ዜሮ ስድስት» ጥይት ጎን ለጎን ማከማቸት ለትጥቅ ክፍሉ ድርብ ራስ ምታት ሆነ።

መፍትሔ ተፈለገ። ርካሽ መፍትሔ።

ሁለቱ ጥይቶች በወረቀት ላይ ሲነጻጸሩ ሥራው የግማሽ ቀን ይመስላል። የአረሩ ውፍረት አንድ ነው፣ ሁለቱም በስም ባለ 7.62 ሚሊሜትር ይባላሉ፤ የቀለሁ ቂጥም በሁለቱም ወደ 12 ሚሊሜትር ይጠጋል። ስለዚህ መቀርቀሪያውና ቀለህ መንጠቂያው ሳይነኩ ያገለግላሉ። አረሩ ከአፈሙዝ የሚወጣበት ፍጥነት እንኳ በሰከንድ 840 ሜትር አካባቢ ተቀራራቢ ነው፤ ባሩዱ ስለተሻሻለ አጭሩ ቀለህ የረጅሙን ያህል ይሠራል። የሚለያዩት በቁመት ነው። የአሮጌው ቀለህ 63 ሚሊሜትር ሲሆን አዲሱ 51 ነው። አዲሱ ጥይት በአሮጌው አፈሙዝ ጓዳ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ 12 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይተርፋል ማለት ነው። ባሕር ኃይሉ በመጀመሪያ ያሠራው ሥራ ይህን ባዶ ቦታ በትንሽ የብረት ቀለበት መድፈን ነበር። አፈሙዙ አይፈታም፣ ቶርኖ ላይ አይወጣም፤ ቀለበቷ በጓዳው በኩል ትገባለች፣ ጠመንጃው ወደ መርከቡ ይመለሳል።

ቀለበቷ ግን አልረጋ አለች። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ከግፊቱ የተነሳ አብጦ የጓዳውን ግድግዳ ይይዛል፤ መንጠቂያው ሲስበው አንዳንዴ ቀለበቷም አንገቱ ላይ እንዳለች ተከትላ ትወጣለች። ባዶውን ቀለህ አንስቶ ያላየ ተኳሽ ይህን አያውቅም። ቀጣዩ ጥይት የሚጎርሰው ለእሱ ባልተቆፈረ ጓዳ ውስጥ ነው፤ የቀለሁ ትከሻ የሚያርፍበት ስለሚያጣ ወደፊት ይነፋል፣ ሊቀደድም ይችላል። የተሻሻለች ቀለበት ተሞከረች። በመጨረሻ ግን ከመነሻው ለአዲሱ ጥይት የተቆፈረ አፈሙዝ መግጠም ግድ ሆነ። ርካሹ መንገድ ሁለት ጊዜ ተከፈለበት።

የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ በዚህ ታሪክ አይገረምም። አፈሙዝ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት ለቀለሁ ቤት ነው፤ ከተኮሰ በኋላ ለአረሩ መንገድ ነው። መንገዱ ቢስማማም ቤቱ ካልተስማማ ጠመንጃው አደገኛ ነው። ለዚህም ነው ባለሙያው አዲስ አፈሙዝ ከገጠመ በኋላ ከማንኛውም ጥይት በፊት ሁለት የብረት መለኪያዎችን የሚያነሳው። ሁለቱም በቀለህ ቅርጽ የተቀረጹ ናቸው፤ የቁመት ልዩነታቸው በዓይን አይለይም። አንዱ ሲገባ መቀርቀሪያው ያለ ግፊት በጣት መዘጋት አለበት። ሌላው ሲገባ ደግሞ ሊዘጋ ሲል እምቢ ማለት አለበት። በሁለተኛው ላይ ከተዘጋ ጓዳው ሰፍቷል፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህ ላይ «ትንሽ ነው፣ ይሁን» የሚል ሰው ሙያውን ቢተው ይሻላል።

መቀርቀሪያው በእጅ በሚጎተት ጠመንጃ ሥራው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። እስራኤል ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 7.92 ሚሊሜትር የነበሩ የጀርመን ማውዘሮችን በአዲስ አፈሙዝ ወደ 7.62 ስትለውጥ ያን ያህል ጣጣ አልነበረባትም፤ ቀለሁን የሚያወጣው፣ አዲሱን የሚያጎርሰው የወታደሩ ክንድ ነውና። ክንድ ባሩዱ ደከመ ጠነከረ ብሎ አይጠይቅም። ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ግን ይጠይቃል። በጋራንድ አፈሙዝ ጫፍ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች። አረሩ ሲያልፋት ከኋላው ያለው ጋዝ በእሷ ሾልኮ ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘንጉ መቀርቀሪያውን ይከፍታል፣ ቀለሁ ይወረወራል፣ ምላሽ ሞላው ሁሉንም መልሶ ይዘጋል። ጥይቱ ሲቀየር የባሩዱ ዓይነትና መጠን ይቀየራል፤ ጋዙ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ የሚኖረው ኃይልም አብሮ ይቀየራል። ካነሰ መቀርቀሪያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀለሁን ጥርሱ ላይ ይዞ ይቀራል። ከበዛ ዘንጉ ይጣመማል። በተለይ ቀስ ብሎ በሚነድ ባሩድ የተሞላ ከባድ ጥይት የጋራንድን ዘንግ እንደሚያጣምም በሙያው የታወቀ ነው። ስለዚህ ለባሕር ኃይሉ በተሠሩት አዲስ አፈሙዞች ላይ የጋዝ ቀዳዳዋ ከነባሩ ሰፋ ተደርጋ ተበሳች።

ሌላም ትንሽ ነገር ነበረች፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ምርጧ እሷ ናት። በጥይት ማስቀመጫው ፊት ለፊት አንዲት ማገጃ ተሰካች። ረጅሙን አሮጌ ጥይት በስህተት ላስገባ ብሎ የሚታገል መርከበኛ ማገጃዋ ላይ ይገታል። የሰው ዓይን በጨለማ ቁጥር እንደማያነብ ያወቀ ባለሙያ ያሰባት መሆን አለባት።

የሚያስደንቀው ጋራንድ ጥይት ሲቀየርበት የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። ካናዳ ኩቤክ የተወለደው ጆን ጋራንድ በማሳቹሴትስ የስፕሪንግፊልድ መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ጠመንጃውን ያጎለመሰው ጆን ፔደርሰን ለነደፈው፣ 7 ሚሊሜትር ለሚጠጋ ቀለል ያለ ጥይት ነበር። ማቀፊያው አሥር ጥይት ይይዝ ነበር፤ መምረጫ ቦርዶችም ወደዚያው አዘነበሉ። በ1932 የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ዳግላስ ማክአርተር ግን አይሆንም አለ። በመጋዘን ክምር ሠላሳ ዜሮ ስድስት ጥይት አለ፣ መትረየሶቹም የሚበሉት እሱኑ ነው፣ ዘመኑ ደግሞ የኢኮኖሚ ድቀት ነው። ጋራንድ ጠመንጃውን ለትልቁ ጥይት አስማማው፤ አሥሩ ጥይት ስምንት ሆነ። በ1936 የጦሩ መደበኛ መሣሪያ ሆኖ ተቀበሉት።

ያ የመጋዘን ውሳኔ እኛም ዘንድ ደርሷል። በሚያዝያ 1951 ከአዲስ አበባ ተነስቶ በግንቦት ኮሪያ የገባው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ በዚሁ በጋራንድ ነው። የቃኘው ወታደር ስምንቱን ተኩሶ ባዶ ማቀፊያው እየተወረወረ ሲወጣ የሚቆጥረው ስምንት እንጂ አሥር ያልሆነው ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ዋሽንግተን ላይ በተሰጠ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሰጠው ማክአርተር ራሱ ከኮሪያ አዛዥነቱ የተነሳው ሻለቃው ጉዞውን በጀመረበት በዚያው ወር ነበር።

ጣሊያኖች በበኩላቸው ጉዳዩን በሌላ በኩል ያዙት። ቤሬታ ጋራንድን በራሱ ፋብሪካ ያመርት ስለነበር ጓዳውን በመድፈን አልተወሰነም። በ1959 ቢኤም 59 ብሎ ያወጣው ጠመንጃ መቀርቀሪያው የጋራንድ ነው፤ አፈሙዙ ግን ለአዲሱ ጥይት የተሠራ ነው፣ ባለ ስምንቱ ማቀፊያም ቀርቶ ባለ ሃያ ተነቃይ ካርታ ገባ። አርጀንቲናም በባሕር ኃይሏ እጅ የነበሩትን ባለ 7.65 የቤልጅግ ኤፍኤን 49 ጠመንጃዎች ወደ 7.62 ስትቀይር ባለ ሃያ ካርታ አብራ ገጠመችላቸው። ጥይት ከተቀየረ አይቀር ሰንሰለቱን በሙሉ መፈተሽ ይሻላል የሚል አስተሳሰብ ነው፤ ትክክልም ነው።

ከሁሉም ግን ግብፅ የሠራችው ይመስጣል። ስዊድን በ1942 የታጠቀችው ሉንግማን የተባለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ባለ 6.5 ሚሊሜትር ነበር፤ ፒስተን የለውም፣ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ሄዶ መቀርቀሪያ ተሸካሚውን በቀጥታ ይመታዋል። ግብፅ በ1950ዎቹ የማምረቻ መሣሪያዎቹን ገዝታ ጠመንጃውን ለ7.92 አሳደገችው፤ የእኛው የማውዘር በልጂግ የሚተኩሰው ያው ጥይት መሆኑ ነው። ስሙንም ሐኪም አሉት። ጥይቱ ሲከብድ ግብፆቹ ሁሉን ጥይት በአንድ ቀዳዳ መቻል እንደማይሆን ገባቸው፤ ተኳሹ ራሱ ጋዙን የሚያጠብበትና የሚያሰፋበት መቆጣጠሪያ ጨመሩ። በኋላ ደግሞ ያንኑ አሠራር አሳንሰው ክላሽ ለሚተኩሰው አጭር ጥይት አስማሙት፤ ራሺድ ተባለ። አንድ የስዊድን ሐሳብ ሦስት ጥይት አስተናገደ። የሐኪም ድክመትም እዚያው ላይ ነው። ጋዙ በቱቦ በቀጥታ ሲገባ ጥላሸቱም አብሮ ይገባል፣ ተኳሹ መቆጣጠሪያውን ከመጠን በላይ ከፍቶ ከተወውም ጠመንጃው ራሱን ይደበድባል።

የተቀየሩ ጠመንጃዎች የተቀየሩበትን ቁጥር ብዙውን ጊዜ ተሸክመው ይዞራሉ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጋራንዶች ላይ 7.62 ተመቷል፤ የእስራኤል ማውዘሮች ሰደፍ ላይም ቁጥሩ በእሳት ተተኩሷል። ሰደፍ ግን ይቀየራል፣ ብረት ይፋቃል፣ ጠመንጃም ከአገር አገር ይሻገራል። ከአባት የተረፈ አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰው ሰደፉ ላይ ያለውን ቁጥር አምኖ ጥይት አያጉርስበት። ኢትዮጵያ ውስጥ መሣሪያ መያዝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ካለ ደግሞ ጓዳው ምን ያህል እንደሆነ መለኪያ በያዘ ባለሙያ ያስለካ።