ዳዊት መድገም

ከእግዚአብሔር ጋር ለብቻ መነጋገርን እንደ ዳዊት ያስተማረን መጽሐፍ የለም። አባቶች 150ውን መዝሙር አሥር አሥር አድርገው በ15 «ንጉሥ» ከፍለውታል፤ ለብዙ ምእመን ከሥራ በፊት አንድ ንጉሥ ማድረስ የዕለት ስንቅ ነው።

እኔ አብዝቼ የምወደው ድፍረቱን ነው። መዝሙረኛው ያመሰግናል፣ ወዲያው ደግሞ ለምን ዘገየህ ብሎ ፈጣሪውን ይሞግታል፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ ማደሩንም ሳያፍር ይነግረዋል። ጌታችንም በመስቀል ላይ የጮኸው በዚሁ በዳዊት ቃል ነው።

ከቆዳ ማኅደሩ የወጣ አሮጌ ዳዊት አይታችሁ ከሆነ፣ የገጾቹ ጠርዝ በጣት ወዝ ጠቁሯል። የንስሐው መዝሙር፣ 50ኛው፣ ያለበት ቅጠል ከሁሉ በላይ ሳስቷል፤ ስንቱ በደሉን እዚያ ላይ ተናዝዟል!

ግእዙ ለከበደው አማርኛው አለ። እባካችሁ፣ ነገ ጠዋት ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ንጉሥ ድገሙ።