ውበት ከነምንጩ

በሰሜን ታንዛንያ በናትሮን ሐይቅ የሚኖሩትን ፍላሚንጎዎች ሕይወት የሚተርከው «ዘ ክሪምሰን ዊንግ» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ለተመልካች ቀረበ። አዘጋጆቹ ማቲው ኤበርሃርድና ሊያንደር ዋርድ ናቸው።

ፊልሙ በተውኔት ሚዛን ቢመዘን አወቃቀሩ የጠነከረ ነው። ባለታሪኩ ገና ከእንቁላል የወጣ ጫጩት፣ ባላጋራው ጨው ነው። ጨው በአንዳንዶቹ ጫጩቶች ቅልጥም ላይ እየተጋገረ እንደ እግር ብረት ሲጠፍራቸው፣ መንጋው ጉዞውን ቀጥሎ እነርሱ ወደ ኋላ ሲቀሩ የሚያሳየው ትዕይንት ያለ ብዙ ቃል ልብ ያስጨንቃል። ያው ጨው ግን የምድር አውሬን ከጎጆው የሚያርቅ ቅጥር ነው። ባላጋራና ጠባቂ በአንድ አካል ሲገኙ የሚፈጠረው ግጭት ማንኛውንም ጸሐፌ ተውኔት የሚያስቀና ነው።

ጉድለቱ ከዚህ ይጀምራል። ሐይቁ በፊልሙ ውስጥ ከዓለም የተነጠለ መድረክ ነው፤ ሰው የድራማው ተሳታፊ አይደለም። ሆኖም ፊልሙ ለእይታ በበቃባቸው ዓመታት ከናትሮን ሶዳ አሽ ለማውጣት የታቀደ ፕሮጄክት ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ሰው ከመድረክ ሲወጣ ኃላፊነትም አብሮት ይወጣል፤ ተመልካችም ለጫጩቱ አዝኖ የራሱን እጅ ሳይመለከት ወደ ቤቱ ይገባል።

የዚህ ጉድለት ክብደት ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይበልጥ ሊሰማው ይገባል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአብያታ ሐይቅ፣ ከዝዋይ የሚመጣለት የቡልቡላ ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲቀዳ፣ ዳርቻው እየሸሸ ሄዷል። ዓሣው በመጥፋቱም በዚያ ያጠምዱ የነበሩት ፔሊካኖች ገበታቸውን አጥተዋል። ፍላሚንጎ ቅላቱን የሚያገኘው በጨዋማው ውኃ ውስጥ ከሚመገባቸው ረቂቅ ዋቅላሚዎች ነውና፣ ያ ሁሉ የሚደነቅ ቀለም ከሐይቁ የተገኘ ብድር ነው።

ነገሩ ከጉለሌም አይርቅም። ከእንጦጦ ተነሥተው በጉለሌ መንደሮች መካከል የሚወርዱት ጅረቶች ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባሉ፤ እነዚያም በአባ ሳሙኤል አልፈው ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። አዋሽ ደግሞ ከባሕር አይደርስም፤ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። አቤ መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን ፍላሚንጎዎች ይሰፍሩበታል። በመንገዱ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎች የአዋሽን ውኃ መቅዳት ከጀመሩ ወዲህም እጅግ ተኮማትሯል። እንግዲህ በጉለሌ ድልድይ ላይ ቆሞ ቆሻሻ ወደ ጅረት የሚጥል ሰው፣ ሳያውቀው የዚህ ድራማ ገጸ ባሕርይ ሆኗል።

ስለ ፍላሚንጎ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ደራሲ ቢነሣ፣ ከፊልሙ አዘጋጆች ትዕግሥትንና አስተውሎን ይማር፤ ለጫጩትና ለጨው የሰጡትንም ክብር አይናቅ። የመጀመሪያውን ትዕይንት ግን በሐይቁ ዳር አይክፈት። መጋረጃው በጉለሌ ተዳፋት ላይ ይገለጥ፤ የሐምሌ ዝናብ ይውረድ፤ ጅረቱ ደፍርሶ ይሙላ፤ ሰዎችም በየደጃፋቸው ይታዩ። ወፎቹ በመጨረሻው ገቢር ይግቡ። ያን ጊዜ ተመልካቹ የሚያየው ቅላት በማን ውኃ እንደ ተገዛ ይረዳል።