«ውሃውን ጨረስነው»

አዳማ ባለው የማታ ክፍሌ የሆቴል እንግዳ ተቀባዮችና የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የእንግሊዝኛን ጥምር ግሶች በዝርዝር አላስሸመድዳቸውም፤ አንዱን ይዘን ማታውን ሙሉ ስናገላብጠው እናመሻለን። ከሁሉም የምወደው «ራን አውት»ን ነው።

አንዷን ተማሪ ሙቅ ውሃ ማለቁን ለእንግዳ እንድትነግር ጠየቅኳት። «ዊ ፊኒሽድ ዘ ሆት ዋተር» አለች። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም፤ በእንግዳው ጆሮ የሚገባው ግን ሠራተኞቹ ተራ በተራ ገላቸውን ታጥበው ውሃውን እንደጨረሱበት ነው። «ዊ ራን አውት ኦፍ ሆት ዋተር» ብትል ማንም ባልተወቀሰ።

በአማርኛ ስኳር ሲያልቅ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ስኳሩ ነው፤ ሰውየው «አለቀብኝ» መጨረሻ ላይ «ብኝ» ሆኖ ተለጥፎ ጉዳቱን ይቀበላል። ኦሮምኛም «ና ጃላ ዹሜ» ሲል ከሥሬ አለቀ እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ ግን ምንም ያላደረገውን ሰው ፊት አውጥቶ ባለቤት ያደርገዋል። ተማሪዎቼ ባለቤት ማለት አድራጊ ነው ተብለው ስላደጉ ይህን አያምኑም፤ «ዘ ሹገር ራን አውት ኦፍ አስ» ይላሉ። «ዘ ሹገር ራን አውት» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ልክ ነበሩ!

ሰሌዳው ላይ ዕቃውን በአንድ ወገን፣ ሰውን በሌላው እጽፋለሁ። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ያለቀበት ነገር ሲጠራ «ኦፍ» ግድ ነው። ነዳጅ፣ የስልክ ካርድ፣ ጊዜ፣ ትዕግሥት እያልን እንለማመዳለን። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና አልጋም አይቀርም፤ «ዘይ ራን አውት ኦፍ ሩምስ» ማለት አልጋ አለቀባቸው ነው። «ሂ ራን አውት ኦፍ ዘ ሩም» ግን ከክፍሉ ሮጦ ወጣ። እዚህ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ይስቃል፤ ሳቁ ከተሰማ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ በሌላ በኩል ይቀድሙናል። «ኦል» ወደ ላይ፣ «ጋድ» ወደ ታች ነው፤ «ጋድ ዺሲ» ቃል በቃል ወደ ታች ተው ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ልቀቅ። አቅጣጫ ከግስ ጋር ተጣምሮ ሌላ ነገር ሲሆን በቤታቸው ያውቁታል፤ እኔ ማስታወስ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

«ራን አውት ኦን»ን ለሌላ ማታ አሳድረዋለሁ። «ኦፍ» በ«ኦን» ሲተካ ሰውን ጥሎ መጥፋት ይሆናል፤ ባለትዳሮቹ ሾፌሮች መጀመሪያ «ኦፍ»ን አጥብቀው ይያዙልኝ።