የተደፋው ጣሳና የቆርቆሮው ፈረሰኛ

አሮጌ የቢራ ፋብሪካና የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳዎችን መሰብሰብ በአውሮፓና በአሜሪካ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ሰብሳቢው ሰሌዳውን የሚመዝነው በቀለሙ ጽናት፣ በዝገቱ ማነስና በብርቅነቱ ነው። የት ተሰቅሎ፣ ማን ያነበው እንደ ነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ሚዛን ሳይመረመር ለእኛ አገር ሰሌዳ ቢውል ቅርፁን አትርፎ ይዘቱን ይጥላል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። መካነ ሰላምን በመሰሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከተሞች የጠላ ቤት ምልክት በረጅም እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ነው። ፊደል የለበትም፤ ቀለም አልተቀባም። ሆኖም ከቦረና ገጠር ለገበያ የመጣ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ከሩቅ ያነበዋል፦ እዚህ ቤት ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ጠላው ደርሷል። ጣሳው ዕቃም ነው፣ ቃልም ነው፤ የሚጠጣበት ራሱ ጠሪ ሆኗል። ስለ ቅርፅና ይዘት አንድነት ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግተዋል። እንጨቱን ነቅሎ ወደ አዳራሽ የሚያስገባ ግን የሚያገኘው እንጨትና ጣሳ ብቻ ነው።

የፋብሪካው ሰሌዳ ታሪክ ሌላ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 በአዲስ አበባ ሲቋቋም መጠጡ ለብዙው ሰው እንግዳ ነበር፤ ምልክቱ ግን የአገሬው ዓይን የለመደው ነው። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር የሚወጋው ሰማዕት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለዘመናት ኖሯል። ያው ፈረሰኛ ከመቅደስ ወጥቶ በቡና ቤት በር ላይ ሲቆም (ቀሳውስቱ ቢከፋቸው አያስገርምም) ትርጉሙ እንደ ተመልካቹ ይለዋወጣል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ ደጋ ጠላ ጠጪውና ቀሪቦ ጠጪው በአንድ ገበያ ይውላሉ። ለአንደኛው ፈረሰኛው በዓለ ንግሥ የሚያስታውስ ሥዕል ነው፤ ለሌላው የጠርሙስ ምልክት፣ ምናልባትም ሳይገባበት የሚያልፈው በር። ሰሌዳው ከዚያ ገበያ ወጥቶ በአንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይህ ድርብ ንባብ ይቀርና ጌጡ ብቻ ይተርፋል።

በሁለቱ መካከል በእጅ የተጻፈው የሱቅ ታፔላ አለ። ቦታ ሲጠበው የመጨረሻዋን ፊደል አሳንሶ የሚያስገባው፣ ቀዩን ከቢጫው የሚያጋጥመው ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ስሙን አልፈረመበትም። ቦታውን በኮምፒውተር የታተመ ባነር እየወረሰው ነው፤ በባነሩ ላይ የማንም እጅ አይታይም።

ሰብሳቢውን መውቀስ ብቻ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እርሱ ያልገዛው ቆርቆሮ የጣሪያ ቀዳዳ መድፈኛ ወይም የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ ይቀር ነበር። ዕቃውን ማስቀመጥ ግን ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሙዚየም ራሱ ተዘርፏል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱም ሰሌዳ የሚሰቀልበት ግድግዳ አብሮ ጠፍቷል። ከእንዲህ ያለው ጥፋት የሚተርፈው ሰሌዳው በቦታው ሳለ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የባለሱቁ ቃልና የሠዓሊው ስም ነው። ይህን ሥራ የደቡብ ወሎ መምህራን ከመካነ ሰላም ገበያ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ጣሳው በየትኛው ቀን እንደሚሰቀልና መቼ እንደሚወርድ ባለቤቲቱን ጠይቆ ለመመዝገብ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።